ቡላኦስ የቀረው ፋይል፦ የቤት ኮምፒውተርን ከመንገድ ላይ በስልክ መክፈት

መኖሪያው ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ የሆነ አንድ የፍየል ነጋዴ ይታሰብ። ደላላው ከባቲ የሰኞ ገበያ 150 ፍየል ገዝቶለታል። የእያንዳንዱን የጆሮ ቁጥር በስልክ አንብቦለት፣ ነጋዴው ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዝርዝሩን በኤክሴል ጽፎታል። ፍየሎቹ ሚሌ ተመርምረው የጤና ምስክር ወረቀት ካገኙ በኋላ ተጭነው ወደ ድንበር ይመጣሉ፤ ነጋዴውም ሊቀበላቸው ጋላፊ ይወጣል።

ወረቀቱ ማኅተሙም ፊርማውም ሙሉ ነው። የማይገጥመው ቁጥሩ ነው። ወረቀቱ 150 ይላል፤ መኪናው ላይ ያሉት ግን 148 ናቸው። ሁለቱ በመጫኛው ሰዓት ታመው ሚሌ ቀርተዋል። ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ተገቢ ጥያቄ ነው፦ የቀሩት የትኞቹ ናቸው? ነጋዴው ወደ ቤት ይደውላል።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ክፈቺና የባቲውን ዝርዝር ላኪልኝ።»

«አባዬ፣ መብራት ከጠፋ ቆየ እኮ። ደግሞስ የይለፍ ቃሉን መቼ ነገርከኝ?»

ዝርዝሩ ተሠርቷል፤ ስህተትም የለበትም። ነገር ግን ከ200 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ርቆ፣ በተዘጋ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። የዚህ ትምህርት ጉዳይ ይኸው ነው፦ ቤት ያለን ፋይል ከመንገድ ላይ በስልክ ማግኘት፣ መንገዱ የት የት እንደሚሰበር ማወቅና ከመሰበሩ በፊት መዘጋጀት። የትምህርቱ ዋና ነጥብም ገና ከመነሻው ሊነገር ይገባል። የርቀት መክፈቻ የተረሳን ነገር ለማግኘት የሚጠቅም መጠባበቂያ ነው። ድንበር ላይ እንደሚጠየቅ አስቀድሞ የሚታወቅ ወረቀት ግን ከነጋዴው ጋር መጓዝ አለበት።

ወረቀት ከመንጋው እኩል የሆነበት ምክንያት

የቀንዱ አካባቢ የቁም እንስሳት ንግድ የወረቀትን ዋጋ በከባድ ኪሳራ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካ ውጪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ተከሰተ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ በሚገቡ እንስሳት ላይ እገዳ ጣሉ። በርበራና ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ሥራ ቆመ፤ መሀል አገር ያለው አርብቶ አደርም ገዢ አጣ። ከዚያ ወዲህ ገዢው አገር የሚጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። እንስሳው ጤነኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተከተበና የት እንደቆየ መታየት አለበት። ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ በዳመርጆግ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረው የኤክስፖርት ኳራንቲን ጣቢያም የዚህ ለውጥ ውጤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በስልክ ላይ ያለ ቅጂ ዋናውን የጤና ምስክር ወረቀት አይተካም። ማኅተም ያለበት ወረቀት በተጠየቀበት ቦታ መቅረብ ያለበት ራሱ ወረቀቱ ነው። የቅጂው ጥቅም ሌላ ነው። ዋናው ወረቀት ላይ ጥያቄ ሲነሳ ማብራሪያ ይሆናል፤ ቢጠፋ ቁጥሩንና ቀኑን ይዞ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ለመጠየቅ ያስችላል፤ ትራንዚተሩም እንስሳቱ ከመድረሳቸው በፊት ሥራውን እንዲጀምር ይረዳዋል። የጆሮ ቁጥር ዝርዝር፣ የግዢ ደረሰኝ፣ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት መዝገብ፣ የመኪና ውልና የባንክ ሰነድ ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

የአንድ ቀን መቆም ስንት ያወጣል?

«አንድ ቀን ብንቆም ምን ይመጣል?» የሚል ነጋዴ ሒሳቡን በወረቀት አላደረገውም ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለመልመጃ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ዋጋ ይተካቸው።

150 ፍየል አንድ ቀን ድንበር ላይ ቢያድር፦

1. መኖና ውሃ፦ በአንድ ፍየል 150 የጅቡቲ ፍራንክ ቢሆን፣ 22,500 ፍራንክ።
2. የመኪና ማቆያ፦ 15,000 ፍራንክ።
3. ሁለት ጠባቂዎች፣ ለእያንዳንዳቸው 2,000፦ 4,000 ፍራንክ።
4. የክብደት መቀነስ፦ አንዱ ፍየል በአማካይ 25 ኪሎ ቢሆን መንጋው 3,750 ኪሎ ነው። 3 በመቶ ቢቀንስ 112.5 ኪሎ ይጎድላል። የቁም ኪሎው 600 ፍራንክ ቢያወጣ 67,500 ፍራንክ።

ድምሩ 109,000 ፍራንክ ነው። ፍራንኩ ከዶላር ጋር በ177.721 ስለታሰረ፣ ወደ 613 ዶላር ገደማ ይሆናል።

በዚህ ሒሳብ ሊጤን የሚገባው አራተኛው መስመር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወጪዎች ከኪስ ሲወጡ ስለሚታዩ ነጋዴው ያማርራቸዋል። አራተኛው ከሁሉም የሚበልጥ ሲሆን ደረሰኝ የለውም። ከጠቅላላው ኪሳራ ከግማሽ በላይ የሆነው ይህ ገንዘብ የሚጠፋው በዝምታ ነው። ፍየል በራስ ቢሸጥም የገዢው ዓይን የሚመዝነው ክብደቱን ነው። እርግጥ ከጠፋው ክብደት ከፊሉ የሆድ ዕቃ መጉደል ስለሆነ ውሃና መኖ ሲያገኝ ቶሎ ይመለሳል። የሰውነት ፈሳሽና የሥጋ መቀነስ ግን ለመመለስ ቀናት ይፈልጋል፤ እነዚያም ቀናት መኖ ይበላሉ።

በዓመት 20 ጊዜ የሚጓዝ ነጋዴ ሁለቱን ጊዜ ብቻ በወረቀት ምክንያት አንድ አንድ ቀን ቢቆም፣ በዚህ ሒሳብ 218,000 ፍራንክ ያጣል። ለቤት ኮምፒውተር የሚገዛ አነስተኛ ዩፒኤስ፣ የወር የኢንተርኔት ክፍያና አንድ ማታ የሚፈጅ የማዘጋጀት ሥራ መወዳደር ያለባቸው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ቤት ያለን ፋይል በመንገድ ላይ ለማግኘት ሦስት መንገዶች አሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ቅደም ተከተል ግን አላቸው።

የመጀመሪያው ፋይሉን ስልኩ ውስጥ ራሱ ይዞ መሄድ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መብራት አይፈልግም። ስልኩ ቢጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል፤ ቤት ያለው ዝርዝር በኋላ ቢታረምም ስልኩ ላይ ያለው አሮጌው ነው።

ሁለተኛው ክላውድ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ተመርጦ ከጉግል ድራይቭ፣ ከዋንድራይቭ ወይም ከድሮፕቦክስ ጋር ይገናኛል። በዚያ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ሁሉ ኢንተርኔት ሲኖር በራሱ ወደ ኩባንያው ማከማቻ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ የቤቱ ኮምፒውተር ቢጠፋ፣ ቢሞቅ፣ መብራት ቢሄድ ችግር የለም፤ ስልኩ ፋይሉን የሚያመጣው ከማከማቻው ነው። በነፃ የሚሰጠው ቦታ በጉግል 15 ጊጋባይት፣ በዋንድራይቭ 5፣ በድሮፕቦክስ 2 ጊጋባይት ነው። የጉግሉ 15 ጊጋባይት ግን ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶዎች ጋር የጋራ ነው። የልጆች ቪዲዮ ቦታውን ከሞላው አዲሱ የክትባት መዝገብ ሳይገለበጥ ሊቀር ስለሚችል፣ የቀረውን ቦታ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የርቀት መክፈቻ ነው። የቤቱ ኮምፒውተር ስክሪን በስልኩ ላይ ይታያል፤ ጣት እንደ ማውዝ ያገለግላል። ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ኤኒዴስክና ቲምቪወር ይህን ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ጥቅሙ ሰፊ ነው፤ ወደ ክላውድ ያልገባ፣ ማንም ይፈለጋል ብሎ ያልገመተው የሦስት ዓመት ደረሰኝ እንኳ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም እንዲሠራ አምስት ነገሮች በአንድ ሰዓት መገጣጠም አለባቸው፦ ቤት መብራት፣ ቤት ኢንተርኔት፣ ያልተኛ ኮምፒውተር፣ መንገድ ላይ ኔትወርክና ትክክለኛ የይለፍ ቃል። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ በሩ አይከፈትም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረ አንድ አገልግሎት ብዙ ሰው ያምታታል። ቀድሞ ዋንድራይቭ ወደ ክላውድ ያልገባን ፋይል እንኳ ከርቀት ከኮምፒውተሩ ማምጣት ያስችል ነበር። ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 መጨረሻ ቆሟል። ዛሬ ከዋንድራይቭ ፎልደር ውጪ የተቀመጠ ፋይል በዋንድራይቭ በኩል አይገኝም። «ኮምፒውተሬ ላይ ዋንድራይቭ አለ» ማለት «ፋይሌ ሁሉ ክላውድ ላይ ነው» ማለት አይደለም።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው። በእጅ ላይ ያለው ጉዞ ወረቀቶች ስልኩ ውስጥ፣ የዓመቱ ሥራ ክላውድ ላይ፣ አሮጌው መዝገብ ሁሉ ደግሞ ቤት ሆኖ በርቀት መክፈቻ ይደረስበታል።

አዘገጃጀት

ክላውዱን ለማዘጋጀት፦

1. በኮምፒውተሩ ላይ «ጉዞ» የሚል አንድ ፎልደር ይከፈት። ለእያንዳንዱ ጭነት በውስጡ የራሱ ፎልደር ይኑር።
2. የጉግል ድራይቭ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተጭኖ «ጉዞ» ፎልደር እንዲገለበጥ ይመረጥ።
3. በስልኩ ላይ የድራይቭ መተግበሪያ በዚያው አካውንት ይከፈት።
4. ከጉዞው በፊት በነበረው ማታ፣ ቤት ባለው ዋይፋይ፣ የሚፈለጉት ፋይሎች ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ በሚያደርገው ምርጫ ምልክት ይደረግባቸው። በዚህ አንድ እርምጃ ሁለተኛው መንገድ የመጀመሪያውንም ሥራ ይሠራል።

የወረቀት ሰነድ በተራ ፎቶ ከማስቀመጥ በድራይቭ መተግበሪያ ውስጥ ባለው ስካን ማንሳት ይሻላል። ገጹ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ በፒዲኤፍ ይቀመጣል፤ መጠኑም ያንሳል።

የርቀት መክፈቻውን በክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ለማዘጋጀት፦

1. በቤቱ ኮምፒውተር ክሮም ተከፍቶ በጉግል አካውንት ይገባ፤ «ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ» ተፈልጎ የርቀት መዳረሻው ይጫን።
2. ለኮምፒውተሩ ስም ይሰጠው፤ ቢያንስ ባለ 6 አሃዝ ፒን ይመረጥለት። የልደት ዓመትና የስልክ ቁጥር ፒን አይሆኑም።
3. በስልኩ መተግበሪያው ተጭኖ በዚያው አካውንት ይገባ። የኮምፒውተሩ ስም ሲወጣ ይነካና ፒኑ ይጻፍ።

ስልኩ ላይ ስክሪኑ መታየቱ ፋይሉ መጣ ማለት አይደለም። የታየው ዝርዝር አሁንም ቡላኦስ ነው። ቀላሉ ማምጫ በስክሪኑ ላይ ሆኖ ፋይሉን ወደ «ጉዞ» ፎልደር መገልበጥ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በስልኩ ድራይቭ ውስጥ ይገኛል። በኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ካለ ለራስ መላክም ይቻላል።

የዊንዶውስን የራሱን የርቀት መክፈቻ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። በዊንዶውስ ሆም የሚሠራ ኮምፒውተር በዚህ መንገድ ከሌላ መሣሪያ ሊከፈት አይችልም፤ ፕሮ የሚባለው ያስፈልጋል። ደግሞም አንዳንድ ጥገና ቤቶች እንደሚያደርጉት የራውተሩን 3389 ቁጥር በር ለዓለም ሁሉ መክፈት የግቢን በር ሌሊት ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ሰርጎ ገቦች ያንን ቁጥር በማሽን ቀን ከሌት እየዞሩ ያንኳኳሉ።

መንገዱ የሚሰበርባቸው ቦታዎች

ቤት። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲያጣ እንዳይተኛ በፓወር ማስተካከያው ውስጥ ስሊፕ የሚለው ይጥፋ። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛም ይስተካከል። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይሞትም፤ ራውተሩ ግን ይሞታል። ስለዚህ ዩፒኤሱ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ለራውተሩ ሊያስፈልግ ይችላል። ዴስክቶፕ የሆነ እንደሆነ ባዮስ በሚባለው መነሻ ማስተካከያ ውስጥ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ማድረግ በብዙዎቹ ላይ ይቻላል። የጅቡቲ የበጋ ሙቀት ደግሞ ለብቻው መታሰብ አለበት። ነጋዴው ሳምንት ሙሉ በማይኖርበት ጊዜ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ማሽን ነፋስ የሚያገኝበት፣ ከግድግዳ ራቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

የቤት ሰው። ከሁሉም ርካሽ የሆነው መጠባበቂያ ቤት ያለ ሰው ነው። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ኮምፒውተሩን ማስነሳት፣ «ጉዞ» ፎልደርን መክፈት የሚችል አንድ ሰው ይሠልጥን። ለዚያ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ የራሱ መግቢያ ከነይለፍ ቃሉ ይከፈትለትና «ጉዞ» ፎልደር ብቻ ይጋራው። በመግቢያው ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን ልትከፍት ያልቻለችው ስለማታውቅ አልነበረም፤ አስቀድሞ የነገራት ስለሌለ ነው።

ፍጥነት። ፋይል ከቤት ወደ መንገድ ሲሄድ የሚጓዘው በቤቱ ኢንተርኔት የመስቀያ ፍጥነት ነው፤ ይህ ደግሞ በብዙ ቤት ከማውረጃው ያነሰ ነው። የመስቀያ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሆነ ቤት በደቂቃ የሚያወጣው 7.5 ሜጋባይት ያህል ነው። 30 ሜጋባይት የሆነ የፎቶ ክምር 4 ደቂቃ ይወስዳል። በጥሩ ቀን ይህ ምንም አይደለም፤ ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ድንበር ግን ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ ሊያስጀምር ይችላል።

ሲም ካርድ። ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴን የሚይዘው ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። አካውንቱን ለመጠበቅ ሲባል በሁለት ደረጃ እንዲከፈት ይደረጋል፤ የይለፍ ቃሉ ከተጻፈ በኋላ ኮድ በአጭር መልእክት ወደ ስልኩ ይመጣል። ኮዱ የሚመጣው ለጅቡቲ ቴሌኮም ቁጥር ነው። ነጋዴው ደግሞ ኢትዮጵያ ሲገባ ያንን ሲም አውጥቶ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ያስገባል። ኮዱ ኪስ ውስጥ ወደተኛ ሲም ይላካል፤ ነጋዴው የራሱን በር ከውጭ ሆኖ ያንኳኳል። መፍትሔው ከመነሳት በፊት ነው። አንደኛ፣ ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ይጫን፤ ይህ ሲምም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ሁለተኛ፣ ጉግል በአንድ ጊዜ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ባለ 8 አሃዝ ሲሆን የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ተጽፈው ከፓስፖርቱ ጋር ሳይሆን ለብቻቸው ይያዙ።

የኔትወርክ መቋረጥ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ዘልቋል። ባቲ፣ ከሚሴ ወይም ኮምቦልቻ ላለ ነጋዴ በእንዲህ ያለ ጊዜ ክላውዱም የርቀት መክፈቻውም ከንቱ ናቸው። የሚሠራው ስልኩ ውስጥ ያለው ቅጂና ኪስ ውስጥ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። የመጀመሪያው መንገድ መጀመሪያ የተባለው ለዚህ ነው።

ስሙ ያልታወቀ ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል

በሩ ተከፍቶም ፋይሉ ላይገኝ ይችላል። በትንሽ ስክሪን ላይ፣ ተቆጣጣሪው ቆሞ እየጠበቀ፣ «አዲስ ሰነድ 7» እና «ስካን የመጨረሻ» የሚሉ ስሞችን አንድ በአንድ መክፈት ሌላ ፈተና ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ነጋዴ ሁለት ልዩ ችግሮችም አሉ።

አንደኛው ፊደል ነው። «አፋር» እና «ዓፋር»፣ «ሰርተፍኬት» እና «ሠርተፍኬት» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በአንዱ የተቀመጠ ፋይል በሌላው ሲፈለግ «የለም» ይባላል። ስለዚህ ፍለጋው የሚያርፍበት ስም በቁጥር ይጀምር።

ሁለተኛው ቀን ነው። 05/07/2017 የሚል የኢትዮጵያ ወረቀት መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በጅቡቲ አቆጣጠር ማርች 14 ቀን 2025። ጅቡቲ ያለ ጸሐፊ ግን ጁላይ 5 ቀን 2017 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ያኔ ትኩሱ ምስክር ወረቀት ጊዜው ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ያለፈበት ይመስላል። ሁለት አገር የሚሠራ ነጋዴ በፋይል ስም ላይ አንድ አቆጣጠር ይምረጥና አይለውጥ፦ መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። ለምሳሌ «2025-03-14-ባቲ-150-ፍየል-ጆሮ-ቁጥር»። እንዲህ የተሰየሙ ፋይሎች በራሳቸው በቀን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።

በሒሳብ ዝርዝሩም ላይ ይኸው ጥንቃቄ ይሠራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ በብር የተገዛ መንጋ በፍራንክ ሲተመን የግዢው ቀን ምንዛሪ ከዋጋው ጎን ካልተጻፈ ትርፉን በኋላ ማወቅ አይቻልም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

የርቀት መክፈቻ ማለት የቤት ቁልፍ ኪስ ውስጥ አለ ማለት ነው። ኪሱ ሲገባበት ቤቱም ይገባበታል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የገዢዎች ስም፣ የግዢ ዋጋ፣ የባንክ ሰነድና የቤተሰብ ፓስፖርት ቅጂ አለ። ተፎካካሪ የግዢ ዋጋውን ካወቀ ድርድሩ ገና ሳይጀመር አልቋል።

ስለዚህ ስልኩ በጠንካራ ፒን ወይም በጣት አሻራ ይቆለፍ። የርቀት መክፈቻው ፒን ስልኩ ላይ እንዲታወስ አይፈቀድ። ስልኩ ከጠፋ በሌላ ሰው ስልክ ወደ ጉግል አካውንት ተገብቶ የጠፋው መሣሪያ ይሰረዝ፤ የይለፍ ቃሉም በዚያው ሰዓት ይለወጥ። ይህን ለማድረግም መጠባበቂያ ኮዱ ያስፈልጋል። ከስልኩ ጋር አብሮ የጠፋ ከሆነ አይረዳም።

ማንም ሰው ደውሎ «ከባንክ ነኝ» ወይም «ከቴሌ ነኝ፣ ኤኒዴስክ ጫንና ቁጥሩን ንገረኝ» ቢል ስልኩ ይዘጋ። ፕሮግራሙ ራሱ ሕጋዊ ነው፤ ቁጥሩን ለማያውቁት ሰው መስጠት ግን ኮምፒውተሩን አስረክቦ እንደ መቀመጥ ነው። ኩባንያዎቹም ከጥቃት ነፃ አይደሉም፤ ኤኒዴስክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የራሱ ሥርዓት እንደተሰበረ በይፋ አሳውቋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ የታደሰ ይሁን። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ያልታደሰ አሮጌ ኮምፒውተር የርቀት በር ሊከፈትበት አይገባም።

ከጉዞ በፊት የሚደረግ ልምምድ

ይህ ትምህርት ተነቦ የሚበቃ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሊሞከር ይገባል። ልምምዱ እንዲህ ነው።

1. ነጋዴው ከቤቱ ይውጣ። የቤቱን ዋይፋይ ይተውና በሞባይል ዳታ ብቻ፣ ከባልባላ ወይም ከወደቡ አካባቢ ሆኖ የቤቱን ኮምፒውተር ይክፈት። ቤት ውስጥ ሆኖ መሞከር ፈተና አይደለም።
2. ባለፈው ዓመት የተቀመጠ አንድ ደረሰኝ ፈልጎ ወደ «ጉዞ» ፎልደር ይገልብጥና በስልኩ ይክፈተው። የፈጀውን ደቂቃ ይመዝግብ።
3. የስልኩን ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ይዝጋ። የአሁኑ ጉዞ አምስቱ ዋና ሰነዶች ይከፈታሉ? የማይከፈተው አንዱ እንኳ ቢሆን ገና አልተዘጋጀም።
4. የጅቡቲውን ሲም ያውጣ። በሌላ ስልክ ወደ አካውንቱ ይግባ። በመተግበሪያው ወይም በመጠባበቂያ ኮዱ መግባት ከቻለ ድንበሩን ተሻግሯል ማለት ነው።
5. ቤት ያለው ሰው ራውተሩን አጥፍቶ ያብራ። ኮምፒውተሩ ያለ ማንም እርዳታ ተመልሶ ይገናኛል?
6. ከላይ ያለው የአንድ ቀን ሒሳብ በራሱ መንጋ ቁጥርና ዋጋ ተሠርቶ «ጉዞ» ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ።

አምስቱን ፈተናዎች ያለፈ ነጋዴ ጋላፊ ላይ «የቀሩት የትኞቹ ናቸው?» ሲባል ስልኩን አውጥቶ ሁለቱን የጆሮ ቁጥሮች ያሳያል። ያላለፈው ደግሞ የትኛው ላይ እንደወደቀ ገና ቤቱ ሳለ አውቋል። ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው፣ የወደቀውን ለማስተካከል የሚበጀው ጊዜ መኪናው ሳይነሳ፣ ቡላኦስ ቤቱ ቁጭ ባለበት ማታ ነው።